ሱሉልታ በበጋ ወይስ በክረምት?

ሱሉልታ ያለው የቤተሰቦችህ ቤት ለዕረፍት በበጋ ይሻላል ወይስ በክረምት ላልከው፣ እኔ ሳላቅማማ በጋ እላለሁ። ከጥቅምት ወዲያ ጭቃው ይደርቃል። ግቢ ውስጥ ቄጤማ ጎዝጉዞ ቡና ማፍላት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ትውላለህ። እህል የሚወቃውም በበጋ ነው። ልጆች ገለባ ላይ ሲንከባለሉ ማየት ብቻውን ይበቃል። ግን ፀሐይዋ እንዳታታልልህ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጋቢ ያዝ።

ሐምሌና ነሐሴማ ያለ ቦት ጫማ ከቤት ወጥቶ ሽንት ቤት መድረስ ራሱ ጣጣ ነው። (ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን እንቅልፍ ያስወስዳል፣ አልዋሽም።) አረንጓዴውንም ፀሐይዋንም ከፈለግክ መስከረም መጨረሻ ሂድ፤ አደይ አበባው ሳይረግፍ።