የበረራ መቆጣጠሪያ ኤዲ ላይ ከመፈረምሽ በፊት

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ሪጅናል ጄት በሚጠገንበት ሃንጋር በቅርቡ ሥራ ጀምራለች፤ በኤሌሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን በሚያጋድለው የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ መቆጣጠሪያ ላይ የወጣ አስገዳጅ የደህንነት ትእዛዝ፣ ማለትም ኤዲ፣ ተመድቦላታል። «ሰርቪስ ቡለቲኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቼ ታስክ ካርዱን፣ የሥራ ዝርዝር ወረቀቱን፣ ብፈርም ኤዲው ተዘጋ ማለት ነው? የገባው ዕቃ አዲስ ከሆነስ ሌላ ሰው እንደገና የሚፈትሸው ለምንድን ነው?» ብላለች።

አልተዘጋም እህቴ። መልሱ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። የበረራ መቆጣጠሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ኤዲው ሊያስወግደው ከፈለገው ጉድለት ይልቅ፣ ያን ጉድለት ለማስወገድ ሲስተሙን መክፈትሽ የባሰ አደጋ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ሰርቪስ ቡለቲን አምራቹ የሚሰጠው መመሪያ ነው፤ ኤዲ ግን ሕግ ነው። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ በደንቡ ፓርት 39 መሠረት ኤዲ ካወጣ በኋላ፣ ትእዛዙ በጊዜው ያልተፈጸመበት አውሮፕላን በበረረ ቁጥር ራሱን የቻለ ጥሰት ይቆጠራል። ስለዚህ ቀድመሽ የምታነቢው ኤዲውን ነው፣ ቡለቲኑን ቀጥሎ፣ ታስክ ካርዱን መጨረሻ ላይ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ካርዱን ያዘጋጀው ሰው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱን የምትጨርሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

አውሮፕላኑ ሲአርጄ፣ የካናዳው ሪጅናል ጄት፣ ከሆነ ትእዛዙ መጀመሪያ የሚመነጨው ከትራንስፖርት ካናዳ ነው፤ ኤምብራየር ከሆነ ከብራዚሉ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አናክ። ኤፍኤኤ ያንን ተቀብሎ የራሱን ኤዲ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ አውሮፕላን ላይ የሚሠራው የኤፍኤኤው ነው፤ የጊዜ ገደቡም ከሁለቱ ሊለያይ ስለሚችል የሌላውን አገር ወረቀት ይዘሽ አትቁጠሪ። የሲአርጄ ፕሮግራም ከቦምባርዲየር ወደ ሚትሱቢሺ የተዛወረው በሰኔ 2020 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለሆነ፣ የድሮው ቡለቲን በቦምባርዲየር ስም፣ አዲሱ በኤምኤችአይ አርጄ ስም ቢመጣ አትደናገሪ።

ኤዲው ላይ አራት ነገር ፈልጊ። የትኛው አውሮፕላን ወይም የትኛው ዕቃ ይመለከተዋል? ገደቡ በበረራ ሰዓት ነው፣ በሳይክል (አንድ መነሳትና ማረፍ) ነው ወይስ በወራት? «ቀድሞ የደረሰው» ይላል ወይስ «ዘግይቶ የደረሰው»? ይህች አንዲት ቃል ብዙ ወራት ታመጣለች። ቡለቲኑን በየትኛው ሪቪዥን፣ ማለትም እትም፣ ጠቅሶታል? ሪቪዥን 2 ብሎ ከሆነ፣ ኤዲው ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር ሪቪዥን 3 እጅሽ ላይ ስላለ ብቻ በእሱ መሥራት አትችይም። በመጨረሻም፣ ቡለቲኑ ውስጥ አንዳንድ እርምጃዎች አጠገብ አርሲ የሚል ምልክት ታያለሽ። እነዚህ ለኤዲው መፈጸም የግድ የሆኑ ናቸው። አንዱ እንደተጻፈው አልሠራ ካለሽ፣ ቀዳዳው ካልገጠመ ወይም የተጠቀሰው ዕቃ ከሌለ፣ እዚያው አቁሚና ኢንጂነሪንግ ጥሪ። አማራጭ መንገድ፣ አሞክ የሚባለው፣ የሚፈቀደው በኤፍኤኤ ነው። የሺፍት አለቃሽ «ግድ የለም፣ ቀጥይ» ማለቱ ፈቃድ አይደለም።

ፒሲዩ፣ ማለትም ኤሌሮንን የመሰለውን ክፍል በሃይድሮሊክ ኃይል የሚያንቀሳቅሰው፣ የመሰሉ ዕቃዎች ደግሞ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ይዞራሉ። ኮምፒውተሩ የሚያሳይሽን ቁጥር አትመኚ፤ ክንፉ ሥር ገብተሽ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥርና ሲሪያል ቁጥር በዓይንሽ አንብቢ፣ ፎቶ አንሺ። ከስቶር የመጣው ደግሞ 8130-3 የተባለውን የኤፍኤኤ የዕቃ ማረጋገጫ ወረቀት ይዞ ስለመጣ ብቻ ኤዲው ተፈጽሞበታል ማለት አይደለም። ሣጥን 12ን፣ የአስተያየቱን ቦታ፣ አንብቢ፤ እዚያ ካልተጻፈ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። በኅዳር 11፣ 2018 የካዛክስታኑ አየር መንገድ የኤር አስታና ኤምብራየር 190 ፖርቱጋል ውስጥ ከከባድ ጥገና ወጥቶ ተነሳ። መንገደኛ አልያዘም፣ ስድስት ሰው ነው የነበረበት። ኤምብራየር 190 ላይ ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጅራት ክፍል)፣ ራደሩ (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው) እና ስፖይለሩ (ክንፉ ላይ የሚነሳው ሳህን) በኤሌክትሪክ ምልክት ይታዘዛሉ፤ ኤሌሮኑ ግን አሁንም ከመሪው እስከ ፒሲዩው ድረስ በብረት ኬብል ነው። በጥገናው ወቅት በሁለቱም ክንፎች የኤሌሮን ኬብሎች ተገልብጠው ገብተዋል። አብራሪው ወደ ግራ ሲያዞር ኤሌሮኑ ወደ ቀኝ ይጥለዋል፤ ስፖይለሩ ደግሞ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይታዘዛል። ሁለቱ በአየር ላይ ይጣላሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ከአውሮፕላኑ ጋር ታግለው፣ የፖርቱጋል ኤፍ-16ዎች እየመሯቸው፣ በሦስተኛ ሙከራ እዚያው ፖርቱጋል ቤዣ አረፉ። ሰው ተርፏል፤ አውሮፕላኑ ግን ከሚችለው በላይ ጫና ስለደረሰበት ዳግም ለሥራ አልሆነም።

ከዚህ ምርመራ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰርቪስ ቡለቲኖች ተግባራዊ ሲደረጉ በኬብሉ መንገድ ላይ የነበረው ነገር ተለውጧል፤ የትኛው ኬብል በየት እንደሚያልፍ ለማየትና ለመረዳት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሥራው በኋላ የበረራ መቆጣጠሪያ ማስጠንቀቂያ መልእክት ወጥቶ ቀናት የፈጀ ፍለጋ ተደርጓል፤ ኬብሉ መገልበጡ ግን አልተገኘም። ከመነሳት በፊት በተደረገው የመቆጣጠሪያ ፍተሻም አልተያዘም። ዕቃው አዲስ ነበር፣ ወረቀቱም ተፈርሞ ነበር። የተሳሳተው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ስለዚህ ኬብል ስትነኪ፣ አሮጌውን ከማውጣትሽ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ምልክት አድርጊበት፤ የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ፑሊ (ኬብሉ የሚዞርበት መንኮራኩር) እና ማለፊያ ፎቶ አንሺ። የሪግ ፒን (ለማስተካከል ሲስተሙን በቦታው የሚያስቆም ጊዜያዊ ካስማ) ስታስገቢ ቀዩ ጨርቅ አብሮት ይሁን፤ ስንት ፒን እንደገባ ካርዱ ላይ በቁጥር ጻፊ፣ ስትጨርሺ ያንኑ ቁጥር ቆጥረሽ አውጪ።

የመቆጣጠሪያ ኬብል ብዙ ጊዜ 7 በ19 የሚባለው ዓይነት ነው፤ 7 ጥምጥም፣ እያንዳንዱ 19 ቀጫጭን ሽቦ፣ በድምሩ 133 ሽቦ። የማትቀይሪውንም ኬብል ፈትሺ። ጨርቅ ይዘሽ በርዝመቱ ሙሉ አሂጂው፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ አይሞከርም፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ፑሊ ላይ የሚቀመጠው ክፍል ተወጥሮ ሳለ ጤነኛ ይመስላል፤ ውጥረቱ ሲላላ ጎንበስ አድርገሽ እዪው፣ የተበጠሰው ያኔ ብቅ ይላል። በማሟሚያ ኬሚካል አትጠቢው፤ በፋብሪካ ውስጡ የገባው ቅባት ታጥቦ ይወጣና ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ፑሊውንም በጣትሽ አዙሪው፤ አልዞር ያለ ፑሊ ኬብሉን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ውጥረት ስትለኪ ሙቀቱን አትርሺ። ኬብሉ ብረት ነው፣ የአውሮፕላኑ ገላ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ሲሞቅ ኬብሉ ይወጠራል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል። ከበረዶ ውስጥ ተጎትቶ ሃንጋር የገባ አውሮፕላን ላይ ወዲያው ብትለኪ ቁጥርሽ ውሸት ነው። ገላውና ኬብሉ ከሃንጋሩ ሙቀት ጋር እስኪስተካከሉ ጠብቂ፤ ከዚያ የጥገና ማኑዋሉን የሙቀት ሠንጠረዥ ተጠቀሚ። ለኬብሉ ውፍረት የሚሆነውን ራይዘር (የመለኪያውን ተቀያሪ ክፍል) መግጠምሽን፣ የመለኪያውም የካሊብሬሽን ቀን ያላለፈ መሆኑን እዪ። ከፑሊና ከተርንበክል (የኬብሉን ውጥረት ከሚያስተካክለው በርሜል) ራቅ ብለሽ ደጋግመሽ ለኪ።

ተርንበክል አንዱ ጫፉ የግራ፣ ሌላው የቀኝ ጥርስ አለው፤ በርሜሉ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸው መስመር የግራውን ጫፍ ይጠቁምሻል። ሁለቱን ጫፎች እኩል አስገቢ። ከበርሜሉ ውጭ ከሦስት ጥርስ በላይ የሚታይ ከሆነ በቂ አልገባም። መቆለፊያ ክሊፕ ካለው አሮጌውን አትመልሺ፣ አዲስ አስገቢ፤ በሽቦ የሚታሰር ከሆነ መጨረሻው ቢያንስ አራት ዙር ይጠምጠም።

ብሎኖቹ ላይ ደግሞ ስስት የለም። በሥራ ላይ የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ላይ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ብቻውን አይበቃም፤ ኮተር ፒን (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጫፉ የሚታጠፍ) ወይም ሌላ በግጭት የማይሠራ መቆለፊያ አብሮት ያስፈልጋል። ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ስትሰጪ ዳዶው ሳይጠብቅ በፊት ለመዞር የሚፈልገውን ኃይል ለክተሽ ጨምሪበት። በትንሹ ቶርክ ላይ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ እስከ ከፍተኛው ገደብ አጥብቂ፤ ያም ካልሆነ ዋሸር ቀይሪ። ወደ ኋላ ማላላት ክልክል ነው።

ኤዲው ፒሲዩ እንድትቀይሪ የሚያዝ ከሆነ፣ እነዚህ ጄቶች ላይ ያለው የሃይድሮሊክ ፈሳሽ ስካይድሮል የሚባለው ነው። ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀለምና የሽቦ ሽፋን ይበላል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ አትክፈቺው። ኦሪንጎች (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች) በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ለማዕድን ዘይት የተሠራው ስካይድሮል ውስጥ ያብጣል፣ ስለዚህ በዕቃ ቁጥሩ ብቻ እመኚ። 3,000 ፒኤስአይ የሃይድሮሊክ ግፊት ከመልቀቅሽ በፊት ክንፍና ጅራት አጠገብ ሰው አለመኖሩን በድምፅ አረጋግጪ።

ስለ ግራሶም አንድ ነገር። በጥር 31፣ 2000 የአላስካ አየር መንገድ ኤምዲ-83 ካሊፎርኒያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 88 ሰው ያለቀው፣ የጅራቱን ማረጋጊያ የሚያንቀሳቅሰው ስክሩ (ትልቁ ጠመዝማዛ ብሎን) ሳይቀባ ቀርቶ የዳዶው ጥርሶች ተበልተው ስላለቁ ነው። ያ ሪጅናል ጄት አይደለም፤ ግን የሲአርጄም ጅራት የሚንቀሳቀሰው በስክሩ ነው። ቅባት የሚያዝ እርምጃ ላይ የተጠቀሰውን ዓይነት ብቻ ተጠቀሚ፣ ሁለት ዓይነት አትቀላቅዪ፤ አሮጌው ተገፍቶ አዲሱ እስኪወጣ ድረስም አስገቢ።

አሁን ሁለተኛው ሰው። በኤፍኤኤ ፓርት 121 እንዲህ ያለው ሥራ አርአይአይ፣ ማለትም በሌላ ሰው የግድ የሚፈተሽ፣ ነው፤ የሠራው ሰው ራሱ ኢንስፔክተር ሊሆን አይችልም። ኢንስፔክተሩ መቆለፊያዎቹን ፓነል ከመዘጋቱ በፊት በዓይኑ ማየት አለበት። የአቅጣጫ ፍተሻው ደግሞ በኮክፒት ስክሪን ብቻ አያልቅም፦ አንድ ሰው መሪው ላይ፣ አንድ ሰው ክንፉ አጠገብ በሄድሴት። መሪው ወደ ግራ ሲዞር የግራው ኤሌሮን ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች፣ የግራው ክንፍ ስፖይለር ወደ ላይ። መሪው ሲሳብ የኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ። የቀኝ ፔዳል ሲረገጥ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ። ክንፉ አጠገብ ያለው ሰው ያየውን ይናገር፤ «ትክክል ነው» አይበል፣ «የግራው ወደ ላይ ወጣ» ይበል።

ሺፍት ሲቀየርም ያላለቀውን ሁሉ በጽሑፍ አስረክቢ። በመስከረም 11፣ 1991 ቴክሳስ ውስጥ የወደቀው የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ ኤምብራየር ብራዚሊያ አውሮፕላን ጅራት ላይ 47 ብሎኖች ወጥተው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ የማታው ሺፍት አውጥቶ ተወ፣ ተረካቢው አላወቀም። 14 ሰው ሞቷል።

ኤዲው መጨረሻ መሆኑንም አረጋግጪ። አንዳንዱ ጊዜያዊ ነው፦ በየተወሰነ ሳይክል ፍተሻ፣ ወይም የበረራ ማኑዋል ላይ ገጽ መጨመር። በኅዳር 7፣ 2018 ስለ ቦይንግ 737 ማክስ የወጣው አስቸኳይ ኤዲ የማኑዋሉን ጽሑፍ ነው የለወጠው፤ ሶፍትዌሩን ያስቀየረው ኤዲ የመጣው በኅዳር 2020 ነው። በመካከሉ በመጋቢት 10፣ 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ 157 ሰዎች አጥተናል። «ተፈጽሟል» የሚለውን ቃል ስትጽፊ የትኛው አንቀጽ እንደተፈጸመ፣ ጉዳዩን ጨርሶ የሚዘጋው እርምጃ መሠራት አለመሠራቱን ለይተሽ ጻፊ።

መዝገቡ ላይ የኤዲው ቁጥርና የሪቪዥን ቀን፣ በየትኛው ቡለቲንና ሪቪዥን እንደተሠራ፣ የወጣውና የገባው ዕቃ ሲሪያል ቁጥር፣ የአውሮፕላኑ ሰዓትና ሳይክል፣ ተደጋጋሚ ከሆነም ቀጣዩ መቼ እንደሚደርስ ይኑር። ከዚያ የወጣውን ዕቃ ቀይ ታግ አድርጊበትና ከሥራ ቦታው አርቂው። ብዙ ኤዲዎች ከተወሰነ ቀን በኋላ ያንን የዕቃ ቁጥር በማንኛውም አውሮፕላን ላይ መግጠም ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ለስቶሩም ንገሪ። መደርደሪያው ላይ አንድ ከተረፈ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሺፍት አውጥቶ ይገጥመዋል።