ለማገልገል ሄዶ ሆድ ሲብስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። ውጭ አገር ሄዶ በበጎ ፈቃድ ማገልገል። ገና ሻንጣ የሚያዘጋጁ አሉ። እዚያ ሆነው «ምን አገባኝ ብዬ መጣሁ?» የሚሉም አሉ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ለስድስት ሳምንት አገልግሎት ተቀብሎኛል። ግን ክፈይ እያለኝ ነው። በነፃ ልሠራ ሄጄ ጭራሽ ገንዘብ እከፍላለሁ እንዴ?

መልስ፦ ግር ቢልሽ አይፈረድብሽም። ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ግን አጭበርባሪ አይደለም። ማደሪያውም፣ ምግቡም፣ ሥልጠናውም ወጪ አለው። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንግዳ የሚያስተናግድ ትንሽ ድርጅት ይህን ሁሉ ከኪሱ መሸፈን ላይችል ይችላል። ዋናው ነገር ገንዘቡ የት እንደሚገባ ነው። ስንቱ ለማደሪያሽ፣ ስንቱ ለቢሮ፣ ስንቱ ለሚቀበልሽ ማኅበረሰብ እንደሚውል ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ። ደህና ድርጅት በዚህ አይቀየምም። «ቦታው ሊሞላ ነው፣ ዛሬውኑ በዚህ ግለሰብ ስም አስገቢ» ካለሽ ግን ወሬውን እዚያው አቁሚ።

የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምን ያየሽ እንደሆነ፣ ከአመልካች ሳንቲም አይቀበልም። እንዲያውም ደመወዝ ባይባልም ለአገልጋዮቹ ወርኃዊ የመኖሪያ አበል ይከፍላል። በእሱ ስም «የማመልከቻ ክፍያ» የሚልሽ ካለ ሌባ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆች በጣም እወዳለሁ። ለአንድ ወር ውጭ አገር ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ላገለግል አስቤያለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ አትሂድ። ሐሳብህ መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጁ በሁለተኛው ቀን አንገትህ ላይ ይጠመጠማል፣ በአራተኛው ሳምንት ትሰናበተዋለህ፣ በማግስቱ ሌላ ሰው ይመጣል። እንዲህ በየወሩ የሚለመድና የሚሄድ ሰው ልጅን ይጎዳል። የባሰም አለ። ጎብኚና ገንዘብ በበዛበት ቦታ ማሳደጊያው ራሱ ንግድ ይሆንና ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ይገባሉ። በብዙ አገሮች ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ስታወጣ ይህ ጉዳይ ተነስቶ ነበር። በ2019 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ልጆች መብት ባሳለፈው ውሳኔ፣ በማሳደጊያ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ልጆች ዝውውር ሊያመራ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ልጆችን መርዳት ከፈለግህ ቤተሰብ ልጁን ይዞ እንዲኖር የሚደግፍ ድርጅት ፈልግ። ሥራህ ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከሠራተኞቹ ጋር ይሁን። ፎቶው እንደዚያኛው አያምርም፣ እሱን አልክድም።

ጥያቄ፦ ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ሁሉ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ወረፋው፣ የሰዉ አነጋገር፣ የስብሰባው መዘግየት ሁሉ ያናድደኛል። ቅዳሜና እሑድ ከአልጋ አልወርድም። ሰው ልረዳ መጥቼ ሰው ጠላሁ። ምን ነካኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ስሜት «ካልቸር ሾክ» (የባህል ድንጋጤ) እያለ አብራርቶታል። ከዘረዘራቸው ምልክቶች ጥቂቱን ልንገርህ። እጅን ደጋግሞ መታጠብ፣ ስለ ውሃውና ስለ ምግቡ መጨነቅ፣ በትንሽ መዘግየት ቱግ ማለት፣ አፍጥጦ መቅረት፣ ቋንቋውን አልማርም ብሎ ማመፅ። ስንቱ አንተ ጋ እንዳለ አንተው ታውቃለህ።

መንስኤው ብዙም ምስጢር የለውም። አገርህ ሳለህ ትኬት ስትቆርጥ እጅህ ራሱ ይሠራል፣ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ግን ማን ይቀድማል፣ እንዴት ሰላም ይባላል፣ ሒሳቡ ሲገቡ ነው ሲወርዱ፣ ሰውየው የሳቀው በእኔ ነው ወይስ ከእኔ ጋር እያልክ ሁሉንም ታስባለህ። ገና ቢሮ ሳትደርስ ደክመሃል። ማታ ላይ የሚፈነዳው ንዴት የዚያ ድካም ነው፤ በወረፋው አታመካኝ።

«ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ይከፋል፣ ከዚያ ይለቃል» የሚል ሠንጠረዥ ይነገርህ ይሆናል። መነሻው ላይስጎርድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደው ስለነበሩ ኖርዌያውያን ያወጣው ጥናት ነው። ደስታ፣ ውድቀት፣ ማገገም እያለ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውዚላንድ በገቡ ጃፓናውያን ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በጣም የከበዳቸው ገና እንደገቡ እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ቀን ቆጥረህ አትጠብቅ።

ሳታፍር ማንኛውንም ጥያቄ የምትጠይቀው አንድ የአገሬው ሰው ያዝ። አለቃህ ባይሆን ይመረጣል፤ የጥበቃ ሠራተኛው ወይም ጎረቤትህ ይበቃል። «ትናንት ለምን ዝም አሉኝ?» ብለህ ጠይቀው። አንድ ቦታ እየተመላለስክ ደንበኛ ሁን። ከሌሎች ፈረንጅም በለው መጤ ጋር ተሰብስቦ አገሩን ማማት ቀለል ያደርጋል፣ ግን ሱስ ነው፤ ኦበርግም ይህን አይቶት ነበር። ማታ ማታ ከቤተሰብ ጋር ሁለት ሰዓት በቪዲዮ መደወልንም ቀንስ። እናትህ ይቀየሙኛል፤ ቢሆንም እግርህ እዚያ፣ ጆሮህ እዚህ ሆኖ አይለመድም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከአልጋ አለመውረዱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ይህ የመልመድ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ለአስተባባሪህ ተናገርና ሐኪም ዘንድ ሂድ። አቋርጦ መመለስም ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ላቀረብኩት ሐሳብ ሁሉ «እሺ» ይላሉ። ከዚያ ማንም አይሠራውም። ይዋሻሉ ልበል?

መልስ፦ አትበይ። እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት በብዙ ቦታ ብልግና ነው፤ እሺታው ክብር እንጂ ስምምነት አይደለም። አጠያየቅሽን ለውጪ። «ይሆናል ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ይሆናል» ነው መልሱ። «ይህን ብንጀምር መጀመሪያ የሚያስቸግረን ምኑ ነው?» በያቸውና አፍሽን ዘግተሽ ጠብቂ። ዝምታው ይረዝማል፣ አትሙይው። ደግሞ ይህ ነገር ከአንቺ በፊት በነበረው በጎ ፈቃደኛ ተሞክሮ የከሸፈ እንደሆነስ? ጠይቀሻቸዋል?

ጥያቄ፦ በቱሪስት ቪዛ ገብቼ ባገለግል ምን አለበት? ደመወዝ የለው።

መልስ፦ ደመወዝ አለመኖሩ አያድንህም። ብዙ አገሮች ያለ ክፍያ የሚሠራንም እንደ ሥራ ይቆጥሩታል፤ መባረርና ተመልሶ አለመግባት አለ። የእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ ለምሳሌ የሚፈቅደው ቢበዛ 30 ቀን፣ ያውም ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው። ኤምባሲውን ጠይቅ። «ጉብኝት ነው በል» የሚልህን ድርጅት ደግሞ ተጠንቀቀው፤ ችግር ሲመጣ አላውቀውም ይልሃል።

ጥያቄ፦ በጡረታ የተገለልኩ ነርስ ነኝ። ለዚህ ነገር አልፎብኝ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ፣ እማማ። የአሜሪካው ሰላም ጓድ የዜግነት መስፈርት ቢኖረውም የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራምም ብዙ ዓመት የሠሩ ባለሙያዎች የሚገቡበት ምድብ አለው። የእርስዎ ጥንቃቄ ሌላ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት እዚያ ማግኘትዎን አስቀድመው ያጣሩ። ኢንሹራንሱም በሕመም ጊዜ ወደ ሌላ አገር ማጓጓዝን መሸፈኑን ራስዎ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት አገልግዬ ተመለስኩ። እዚያ መልመድ ያልከበደኝን ያህል የገዛ ቤቴ ከበደኝ። ማንም ሊያዳምጠኝ አይፈልግም።

መልስ፦ ይህም የታወቀ ነው። ጋላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ከውጭ የተመለሱ ሰዎች አገራቸውም ሲገቡ ሁለተኛ ውድቀት እንደሚገጥማቸው ጽፈዋል። ሰው «እንዴት ነበር?» ይልሻል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሰማ በኋላ ስልኩን ያያል። አትቀየሚ። የአንድ ደቂቃ መልስ አዘጋጂ፣ ረጅሙን ወሬ እዚያ አብረውሽ ላገለገሉት አቆይው። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ እነሱም ቆመው አልጠበቁሽም። እህትሽ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምን እንደገጠማት ጠይቀሻታል? እዚያ ላሉ ባልደረቦችሽ ልላክላችሁ ያልሻቸው ፎቶ ወይም ሰነድ ካለም በዚህ ወር ላኪው፤ ከዚያ በኋላ ኑሮው ይወስድሻል።