አላይመንትን አትገምቱ፣ ኮምፓይለሩን ጠይቁት፦ ጥያቄና መልስ

በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በረስት ስለ ዳታ ዓይነቶች አላይመንት ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር፤ ደህና ጥያቄዎች መጥተዋል። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ቁጥሮቹ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ላይ ለሚሠራ ሊኑክስ ናቸው።

ጥያቄ፦ አላይመንትና ሳይዝ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሳይዝ ዳታው ስንት ባይት እንደሚይዝ ነው። አላይመንት ደግሞ የሚቀመጥበት አድራሻ ያለ ቀሪ ለስንት መካፈል እንዳለበት ይናገራል። የኢንት አላይመንት 4 ነው፤ ስለዚህ አድራሻ 1000 ላይ ይቀመጣል፣ 1002 ላይ ግን አይሆንም። 100 ቻር የያዘ አሬይ ሳይዙ 100፣ አላይመንቱ 1 ነው።

ጥያቄ፦ ከኮዴ ውስጥ ሆኜ እንዴት ልጠይቀው?

ሲ ፕላስ ፕላስ ከ2011 ስታንዳርዱ ጀምሮ አላይንኦፍ አለው። የዓይነቱን ስም በቅንፍ ትሰጠዋለህ፣ ቁጥሩን ይነግርሃል። በሲም ኤስቲዲአላይን የሚለውን ሄደር (ከኮዱ መጀመሪያ የሚጨመር ፋይል) ካስገባህ በዚሁ ስም ትጠራዋለህ፤ ከሲ 23 ወዲህ ሄደሩም አያስፈልግም። ረስት ሜም ሞጁል ውስጥ፣ ጎ ደግሞ አንሴፍ ፓኬጅ ውስጥ ተመሳሳዩን አስቀምጠዋል።

መልሱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ኮምፓይል ሲደረግ ግምትህን በሚፈትሸው በስታቲክ አሰርት ውስጥ አስገባው። ግምትህ ስህተት ከሆነ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይያዛል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ የምትጽፈው ስትራክት (ብዙ ዳታዎችን በአንድ ላይ የሚይዝ ዓይነት) ሁሉ አጠገብ አንድ ይኑር፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ቻር፣ ኢንት፣ ቻር የያዘው ስትራክቴ 6 ባይት መሆን ሲገባው 12 ይለኛል። ለምን?

ተከተለኝ። የመጀመሪያው ባለ 1 ባይት ቻር 0 ላይ ይቀመጣል። ባለ 4 ባይቱ ኢንት ለ4 የሚካፈል ቦታ ስለሚፈልግ ወደ 4 ይዘላል፤ መሀል ላይ 3 ባይት ባዶ ቀረ። ይህ ነው ፓዲንግ የሚባለው። ሁለተኛው ቻር 8 ላይ ያርፋል፤ እስካሁን 9 ባይት ሆነ። የስትራክቱ አላይመንት ከአባላቱ የትልቁ ነው፣ ማለትም 4። አሬይ ውስጥ ሲደረደር ቀጣዩም በትክክለኛው አድራሻ እንዲጀምር ሳይዙ የ4 ብዜት መሆን አለበት። ስለዚህ 12።

ኢንቱን ወደ ፊት አምጣው፣ 8 ይሆናል። አንድ ሚሊዮን እንደዚህ ዓይነት ካለህ 4 ሚሊዮን ባይት አተረፍክ። እያንዳንዱ አባል የት እንዳረፈ ለማየት ኦፍሴትኦፍ አለልህ። ረስት ላይ ከሆንክ ኮምፓይለሩ አባላቱን ራሱ ያሸጋሽጋቸዋል፤ የሲን አደራደር የምትፈልግ ከሆነ ሪፕር ሲ ብለህ ማዘዝ ይኖርብሃል።

ጥያቄ፦ ፓክድ ብዬ ፓዲንጉን ባጠፋውስ? ኢንቴል ላይ ሞክሬው ምንም አልሆነም።

እህቴ፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የውስጡን ኢንት አድራሻ ወስደሽ ለሌላ ፈንክሽን ስትሰጪ፣ ተቀባዩ ለ4 የሚካፈል አድራሻ ነው የሚጠብቀው። በሲ ሕግ ይህ ውጤቱ ያልተደነገገ ነገር ነው። ኢንቴል ብዙውን ጊዜ ችሎ ያልፈዋል። ግን ኮምፓይለሩ ኦፕቲማይዝ ሲያደርግ ባለ 16 ባይት አላይመንት የሚጠይቅ ኢንስትራክሽን ከመረጠ ፕሮግራሙ ድንገት ይወድቃል። ረስት ትክክል ላልሆነ አድራሻ ሪፈረንስ መውሰዱን ጭራሽ ይከለክላል፤ ደግ አደረገ። በሲ ባይቶቹን በሜምኮፒ ወደ ተራ ቫሪያብል ገልብጪ። ፍጥነት ይቀንሳል ብለሽ አትስጊ፤ ኦፕቲማይዝ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ንባብ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ባለ 32 ቢት ኢንቴል ሊኑክስ ላይ የደብል አላይመንት አንዴ 4፣ አንዴ 8 ይለኛል። የትኛውን ልመን?

ሁለት የተለያየ ነገር ጠይቀህ ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የራሱ ቅጥያ የሆነው፣ በሁለት የግርጌ ሰረዝ የሚጀምረው አላይንኦፍ የሚነግርህ ለፍጥነት የሚመረጠውን ነው፤ 8። የስታንዳርዱ ግን፣ ከጂሲሲ 8 ጀምሮ፣ ግዴታ የሆነውን ዝቅተኛ ይነግርሃል፤ 4። ስትራክት ውስጥ የሚሠራው 4 ነውና የስታንዳርዱን ያዝ።

ጥያቄ፦ ማሎክ (ሜሞሪ የሚመድበው ፈንክሽን) የሚሰጠኝ አድራሻስ ያስተማምናል?

ለተለመዱት ዓይነቶች አዎ፤ 16 ድረስ የተጠበቀ ነው። ባለ 32 ባይት ቬክተር (በአንድ ላይ የሚሰሉ ቁጥሮች) ወይም ባለ 64 ባይት ካሽ ላይን (ፕሮሰሰሩ ወደ ካሽ በአንዴ የሚያመጣው የሜሞሪ ክፍል) አላይመንት ከፈለግክ ግን አላይንድ አሎክን ተጠቀም።