«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ውሌ የስድስት ወር ነው፤ ባለቀ ቁጥር እያደሱልኝ እዚህ ደርሻለሁ። የአሁኑ ታኅሣሥ 30 ያበቃል። ደመወዜ 6,500 ብር ነው፤ ሰርቪስ ቻርጅ ለብቻው ይሰጠናል። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመውለጃ ቀኔ መጋቢት 20 አካባቢ ነው ተብያለሁ። በየሦስት ሳምንቱ የሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። ለክትትል የሄድኩባቸው ሁለት ቀናት ከደመወዜ ተቆርጠዋል። ሰሞኑን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ አንቺ አትችይውም፤ በፈቃድሽ ልቀቂና ስትወልጂ እንመልስሻለን» ብሎ የተዘጋጀ ወረቀት ሰጠኝ። እስካሁን አልፈረምኩም። ባልፈርምና ውሌ ሲያልቅ ቢያስወጡኝ ምን መብት አለኝ? ባለቤቴ በግል ዱቄት ፋብሪካ ይሠራል፤ ለእሱስ ፈቃድ አለው? ለአራስነት ቆላድባ እናቴ ጋ ለመሄድ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወረቀቱን አይፈርሙ። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሠሪው ቢያሰናብትዎት ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው እሱን ነው። በራስዎ እጅ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለው ከፈረሙ ግን አሰናባች የለም፤ ስንብት ከሌለ ደግሞ ከእርግዝና ጋር የተያያዘው ጥበቃ የሚያርፍበት ነገር ያጣል። የአራት ወር የወሊድ ፈቃድ ክፍያዎ፣ በእርስዎ ደመወዝ 26,000 ብር ገደማ፣ አብሮ ይቀራል። የስንብት ክፍያም አያገኙም፤ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። «ስትወልጂ እንመልስሻለን» የሚለው ቃል በጽሑፍ የለም፤ ቢመልስዎትም የሁለት ዓመት ከአራት ወሩ አገልግሎት ይቋረጣል። ተገድጄ ነው የፈረምኩት ብሎ በኋላ መከራከር ይቻላል፤ ግን መገደድዎን የማስረዳቱ ሸክም እርስዎ ላይ ይወድቃል፤ በዝግ ቢሮ ውስጥ የተባለን ነገር ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆኑ የሚገዛዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ስለዚህ መምህርት ወይም ነርስ የሆነች ጓደኛዎ የምትነግርዎትን ቁጥር ለራስዎ አይውሰዱ። የአዋጁ አንቀጽ 87 አሠሪ ሴት ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ ማሰናበት አይችልም ይላል። አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ እርግዝና የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ይህ ማለት ነፍሰ ጡር ሴት ምንም ብታደርግ አትነካም ማለት አይደለም። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የማይገናኝ ከባድ ጥፋት ወይም ሕጉን ተከትሎ የተደረገ የሠራተኛ ቅነሳ ሲኖር ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ አሠሪዎች የሚፈልጉት ይህንኑ በር ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ስለዚህ ለክትትል የሄዱበት ቀን ሁሉ «ፈቃድ» ተብሎ እንጂ «ቀሪ» ተብሎ እንዳይመዘገብ ይጠንቀቁ። ማስጠንቀቂያ ከጻፉልዎት ዝም አይበሉ፤ የቀሩበትን ምክንያት ጠቅሰው የሐኪም ማስረጃ አያይዘው በጽሑፍ ይመልሱ።

አሁን ዋናው ጭንቀትዎ፣ የታኅሣሥ 30 ጉዳይ። እውነተኛ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ጊዜው ሲደርስ በራሱ ያበቃል፤ ያኔ አሠሪው «እኔ አላሰናበትኳትም፣ ውሉ ነው ያለቀው» ማለት ይችላል። የእርስዎ ውል ግን እንዲህ ያለ ውል መሆኑ አጠራጣሪ ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ ለተወሰነ ሥራ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ ለመተካት፣ ድንገተኛ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም፣ ለወቅታዊ ሥራና ለመሳሰሉት። የሆቴል ሪሴፕሽን በዓመት 365 ቀን ክፍት የሆነ ቋሚ ሥራ ነው። ለጥምቀት ሳምንት ብቻ የሚቀጠር ተጨማሪ አስተናጋጅ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ በታደሰ የስድስት ወር ውል ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሠራች ሠራተኛ ሌላ ናት። ወረቀቱ ላይ «የስድስት ወር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም። ፍርድ ቤት የሚያየውም ሥራው ምን ዓይነት ነው የሚለውን ነው። ስለዚህ የፈረሟቸውን ውሎች ሁሉ፣ ካሉዎት የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶችና የባንክ መግለጫ ጋር፣ ከአሁኑ ቤትዎ ያስቀምጡ። ውሎቹ ሆቴሉ ፋይል ውስጥ ብቻ ካሉ በስልክ ፎቶ ያንሷቸው።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልግዎት ደብዳቤ ነው። ሕጉ የሚሰጥዎትን ጥበቃ አሠሪው «ነፍሰ ጡር መሆኗን አላውቅም ነበር» ብሎ እንዳያመልጥበት፣ እርግዝናዎን በጽሑፍ ያሳውቁ። ክትትል ከሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሐኪም ማስረጃ ይውሰዱ፤ ማኅተም፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የሚጠበቀው የመውለጃ ቀንም ይኑርበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የአልትራሳውንድ ውጤት በአውሮፓ አቆጣጠር ይታተማል። «ማርች 29» የሚለው መጋቢት 20 ነው። ማስረጃው ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሆቴሉም እርስዎም የየራሳችሁን ቆጥራችሁ ትጣላላችሁ።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለ… ሆቴል፣ ጎንደር። ጉዳዩ፦ እርግዝናዬን ስለማሳወቅና ከሌሊት ተራ እንድነሳ ስለመጠየቅ። በሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ እያገለገልኩ እገኛለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው የሐኪም ማስረጃ እንደተገለጸው ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመውለጃ ቀኔ መጋቢት 20 እንደሚሆን ይጠበቃል። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ተራና በትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳልመደብ፣ በአንቀጽ 88 መሠረት ለክትትል የምሄድበት ጊዜ ከደመወዝ ጋር እንዲፈቀድልኝና የተቆረጠብኝ የሁለት ቀን ደመወዝ እንዲመለስልኝ፣ ከየካቲት 20 ጀምሮም የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ያዘጋጁት፤ አንዱን ሰጥተው ቀሪው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስጽፉ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ፤ ግልባጩንም ለከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ያስገቡ። የተራ ድልድሉ በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ ከሆነ በየሳምንቱ ስክሪንሻት ያድርጉ። ሥራ አስኪያጁ «ልቀቂ» ያለዎትን በቴክስት ጽፎ ከሆነ አያጥፉት። የሰጡዎትን ያልተፈረመ ወረቀትም አይመልሱት፤ ከማንኛውም ምስክር የተሻለ የሚናገረው እሱ ነው።

ስለ ሌሊት ተራው አንድ ማሳሰቢያ። ክልከላው ግልጽ ነው፤ የእርስዎ ስምምነትም አይሽረውም። ሆኖም ደብዳቤውን ሰጥተው እያለ ሌሊት ቢመድቡዎት ዝም ብለው ቤት አይቅሩ፤ «ቀሪ» ብለው ለመመዝገብ ይመቻቸዋል። በማግሥቱ በቀን ተራ ሰዓት ተገኝተው ለመሥራት ዝግጁ መሆንዎን በጽሑፍ ያስታውቁ። ጥምቀትን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥር 11 ቀን በመደበኛ የቀን ተራዎ መሥራት አልተከለከለም፤ በሕዝብ በዓል የተሠራ ሰዓት እጥፍ ይከፈላል። የሚከለከለው ከስምንት ሰዓት በላይ ማሠራትና ሌሊት ማሳደር ነው። ቆሞ መዋል ለእርስዎ ወይም ለጽንሱ ጤና ጎጂ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዛውሩዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ ያለ ሐኪም ማስረጃ ግን ይህ ጥያቄ አይራመድም።

የፈቃዱ አቆጣጠር ለእኛ አቆጣጠር የተመቸ ነው። ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። «ተከታታይ» ስለሚል እሑድና በዓል አብረው ይቆጠራሉ። መጋቢት 20 ይወልዳሉ ከተባለ የካቲት 20 ይወጣሉ። መጋቢት 20 ከወለዱ 90ኛው ቀን ሰኔ 19 ነው፤ ሰኔ 20 ሥራ ይገባሉ። ሴት ልጅ ከወለዱ የ80 ቀን ክርስትናዋ ከፈቃዱ ሳይወጣ ያልፋል። ከሥራ ያለመሰናበት ጥበቃው ግን እስከ ሐምሌ 20 ድረስ ይቆያል፤ ከተመለሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወርም በጥበቃው ውስጥ ነው ማለቴ ነው።

ቀኑ ካለፈና መጋቢት 20 ካልወለዱ፣ እስኪወልዱ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህ ግን በሐኪም አስተያየት ስለሆነ 30ው ቀን ባለቀ ዕለት አዲስ ማስረጃ ያውጡ። ቀድመው ከወለዱ ደግሞ የ90 ቀኑ ቆጠራ ከወሊዱ ይጀምራል፤ ያልተጠቀሙበት የቅድመ ወሊድ ቀን ይደመርልኛል ብለው አያቅዱ። ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎም ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልዎት ከክፍያ ጋር ነው። የዓመት ፈቃድ ካለዎት ለብቻው የሚቆም መብት ነው፤ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ለማያያዝ ከሆቴሉ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ጡት ለማጥባት አዋጁ በስም የሰጠው ሰዓት የለም፤ እሱንም አስቀድሞ በስምምነት ማስፈር ይሻላል። ከወለዱ በኋላ የሌሊት ተራ ክልከላው እንደማይከተልዎትም ይወቁ፤ የሚከላከለው ነፍሰ ጡርን ነው።

ሰርቪስ ቻርጁን በሚመለከት ግን ደስ የማይል መልስ ነው ያለኝ። አንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ሙሉ ደመወዝ ሲባል 6,500 ብሩ ነው፤ ሰርቪስ ቻርጁ በፈቃድ ጊዜ የሚሰጥዎት የሆቴሉ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ካለ ብቻ ነው። የአራት ወር ወጪዎን በዚሁ ያስሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ታኅሣሥ 30 ቢያስወጡዎትስ? የሚሮጠው ሰዓት ሦስት ወር ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የእርስዎ ሦስት ወር የሚያልቀው መውለጃዎ ላይ ስለሆነ ለአራስነት ከመሄድዎ በፊት ክሱ መግባት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና ከስንብት ጋር የተያያዙ ክፍያዎች በስድስት ወር ይታገዳሉ፤ የተቆረጠውም የሁለት ቀን ደመወዝ ከዚሁ ይመደባል። ሥራና ሥልጠና መምሪያ ሄዶ ማመልከት ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ስልክ ጥሪ ያልቃል። ግን «እናስታርቃችኋለን፣ ነገ ተመለሺ» እየተባሉ የካቲት እንዳይደርስ።

ክሱ የሚቀርበው በወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። ጠበቃ ለማቆም ካልቻሉ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ውሎችዎን፣ ደብዳቤውንና የሐኪም ማስረጃውን ይዘው ይሂዱ። በእርግዝና ምክንያት መሰናበትዎ ከተረጋገጠ ዋናው መፍትሔ ወደ ሥራ መመለስ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንልዎት ይችላል። መመለስ ካልፈለጉ፣ ወይም ፍርድ ቤቱ አብሮ መሥራት አይቻልም ካለ፣ ካሳ ይተካል፦ የአማካይ የቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ፣ ይህም በ30 ቀን ሲሰላ 39,000 ብር ገደማ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገሉ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 13,000 ብር፤ የስንብት ክፍያም ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለተከታዩ ጊዜ በየዓመቱ ሲሶው እየተጨመረ፣ በእርስዎ አገልግሎት 9,400 ብር ያህል። ሁለቱን፣ መመለስንም ካሳንም፣ በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ በክሱ ላይ ግን በአማራጭ መጠየቅ ይቻላል።

ባለቤትዎ በአንቀጽ 81 መሠረት ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሦስት ተከታታይ ቀን የአባትነት ፈቃድ አለው። አጭር ነው፤ ቆላድባ ደርሶ መልስ ከታከለበት ደግሞ ያጥራል፤ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ጥቂት ቀን እንዲያስቀርና ለፋብሪካው ከአሁኑ እንዲያሳውቅ ይንገሩት።

የትም ቢወልዱ ከጤና ተቋሙ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳይዙ አይውጡ። የ90 ቀን ፈቃድዎ የሚቆጠርበት ማስረጃ እሱ ነው፤ ልጁንም በ90 ቀን ውስጥ በምትኖሩበት ቀበሌ ለማስመዝገብ የሚጠየቁት እሱን ነው። የሁለቱም ጊዜ አንድ ላይ ስለሚያልቅ ሰኔ 20 ሥራ ከመግባትዎ በፊት ወደ ቀበሌ ጎራ ይበሉ፤ ከገቡ በኋላ ለዚያ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብዎታል።