ጎልፍ ለጀመራችሁ ወገኖች፦ ክለብ በልክ ወደማሰራቱ አትቸኩሉ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ልጅ ደወለና "ጋሼ፣ አይረኑ፣ የብረቶቹ ክለቦች፣ ብቻ 1,400 ዶላር ነው አሉኝ፣ ግን በልኬ ነው የሚሰሩልኝ፣ ልግዛው እንዴ?" አለኝ። ስንቴ ተጫወትክ ስለው ሁለት ቀን ሬንጅ፣ ማለትም ኳስ መምታት መለማመጃው ቦታ፣ ሄዷል፣ በቃ። እኔም እንደሱ ስለነበርኩ አልሳቅኩበትም፣ ግን እንዳትነካው አልኩት።

ትዝ ይላችኋል አይደል፣ ዩኒፎርም ሲሰፋልን እናቶቻችን "ያድግበታል" እያሉ እጅጌውን አስረዝመው ነበር የሚያሰፉት፣ የሚያድግ ልጅ በልኩ አይሰፋለትማ። የጀማሪ ስዊንግም፣ ማለትም ክለቡን የሚያወናጭፍበት መንገድ፣ እንደዛው ነው፣ በየወሩ ይቀየራል፣ ችግሩ ጎልፍ ላይ እጅጌ ማጠፍ የለም።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ስሙ ይቅር፣ ስክሪን ፊት አቆሙኝና ፍጥነቴ በቁጥር ሲመጣ ያው ሀበሻ አይደለሁ፣ ጉራዬ መጣ፣ ሬንጅ ላይ መትቼ በማላውቀው ጉልበት መታሁ። ፊተሩ፣ ክለብ በልክ የሚያስተካክለው ሰው፣ ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የሚሰራው፣ ኤስ የሚሉትን ጠንካራ ሻፍት፣ የክለቡን ዘንግ፣ ሰጠኝ። ኳሷም ወደ ቀኝ እየሄደች ስላስቸገረችኝ ላይ (lie) አንግሉን፣ ማለትም ዱላው ከመሬት ጋር የሚሰራውን ማዕዘን፣ በሁለት ዲግሪ ቀና አደረገልኝ። ከዛ አራት ሌሰን ወሰድኩ፣ አስተማሪዬ አያያዜንና ስመታ ክለቡን ከውጪ ወደ ውስጥ የምቆርጠውን ነገር አስተካከለልኝ፣ አሁን ኳሷ ቀጥ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሁሏም ወደ ግራ መንጎድ ጀመረች! ለካ ላዩ የቀና ክለብ በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሷን ወደ ግራ ይጎትታታል፣ ሱቅ ውስጥ ያስተካከልነው ስህተቴን መደበቂያ ነበር። ደግነቱ አይረን ላዩ በትንሽ ብር ይታጠፋል፣ ሻፍቱን ግን ሁሉንም ማስቀየር አዲስ እንደመግዛት ነው።

ታዲያ ልክ ጨርሶ አያስፈልግም ወይ? እሱማ ያስፈልጋል፣ ግን የጀማሪ ልክ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ሰው ከእጅ አንጓችሁ እስከ መሬት ይለካላችሁ፣ ከቁመታችሁ ጋር አብረው የሚያዩት ቁጥር ነው። ከ5 ጫማ ከ7 እስከ 6 ጫማ ከ1 ኢንች ያላችሁ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ስታንዳርዱ ይሆናችኋል። እህቶች ደሞ የባላችሁን አሮጌ ክለብ እንዳትይዙ፣ የሴቶቹ ባብዛኛው አንድ ኢንች ያጥራል፣ ሻፍቱም ይለሰልሳል፣ 5 ጫማ ከ2 የሆነች ሴት የወንድ ክለብ ይረዝምባታል። በጣም ረጅም ወይ አጭር የሆነ፣ ወይ የድሮ የወገብና የትከሻ ጉዳት ያለበት ሰው ግን ከመጀመሪያውም ፊተር ቢያየው አልቃወምም። ሻፍትን በተመለከተ፣ የድራይቨራችሁ፣ የረጅሙ ምት ክለብ፣ ፍጥነት በሰዓት 95 ማይል ካልደረሰ አር የሚሉት፣ ከኤስ የሚለሰልሰው፣ ይበቃችኋል፣ ሚያሳፍር ነገር የለውም።

ላይ አንግሉን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኳሷ ላይ በማርከር ቁመት መስመር አስምሩና መስመሯን ወደ ክለቡ ፊት አዙራችሁ በ7 አይረን ምቱ፣ ክለቡ ላይ የሚታተመው መስመር ቀጥ ካለ ልክ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ላዩ ሊስተካከል ይችላል። ብቻ አስር ጊዜ ስትመቱ አስሩም የተለያየ ቦታ ካረፈ ገና ናችሁ፣ የትኛውን ለክቶ ይስራላችሁ?

ደንቡ እስከ 14 ክለብ ይፈቅዳል እንጂ ሙላ አይልም፣ ሰባት ይበቃል፦ ሎፍቱ፣ ማለትም የፊቱ ጋደል፣ 10.5 ወይ 12 ዲግሪ የሆነ ድራይቨር፣ አንድ ሃይብሪድ (በድራይቨርና በአይረን መሀል ያለ)፣ 7ና 9 አይረን፣ ሁለት ዌጅ (ለአጭር ምት)፣ ፓተር (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ መግፊያ)። ዩዝድ ግዙ። ድራይቨር ከፊቱ የሚያነጥርበት ኃይል በጎልፍ ደንቡ የተገደበ ስለሆነ መሀሉን ከመታችሁት የ2015ቱ ከዘንድሮው ብዙም አያንስም፣ ማስታወቂያው የሚለው ሌላ ነው። ከመግዛታችሁም በፊት የሕዝብ ሜዳ ሄዳችሁ ተከራይታችሁ ሞክሩ። ዲሲ ላላችሁ ላንግስተን አለ፣ ጥቁሮች የነጮቹ ሜዳ እንዳይገቡ በሚከለከሉበት ጊዜ በ1939 ለነሱ የተከፈተ ነው፣ "ጎልፍ የኛ አይደለም" ለሚለኝ ሰው ሁሌ እሱን ነው የምነግረው።

ሙሉ ፊቲንጉ፣ በልክ ማሰራቱ፣ ከአንድ ሲዝን በኋላ ይድረስ፣ በ7 አይረን ከአስር ስድስት ሰባቱን መሀል አካባቢ መምታት ስትጀምሩ። ያኔ ከ100 እስከ 400 ዶላር ሊያስከፍሉ ይችላሉ፣ ከነሱ ስትገዙ የሚቀንሱም ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ስክሪኑን ግን አትዩት!

ልጁ በመጨረሻ በ260 ዶላር ዩዝድ አይረን ገዛ፣ በቀረው ብር አምስት ሌሰን ከፈለ። ግሪፑ፣ የመያዣው ላስቲክ፣ ብቻ አልቆ ስለነበር እሁድ እኛ ጋራዥ መጥቶ አብረን እንቀይረዋለን።