በረኪና አሲድ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን ነው። እሱ በረኪና አሲድ ነው ይላል፣ እጅ ይልጣል ልብስ ይበላል ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነው ብሎ። እኔ ደሞ ትምህርት ቤት አሲድ የሚኮመጥጥ ነገር ነው ሲባል ትዝ ይለኛል፣ በረኪና መቅመስ ባልችልም ሽታው እንኳ እንደዛ አይመስልም። ስሙስ ከየት መጣ? (አንባቢያችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ ክርክሩን አሸንፈሻል። እኛ ሀገር የሚያቃጥል ፈሳሽ ሁሉ አሲድ ነው የሚባለው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውም፣ ያ ኃይለኛው የሽንት ቤት ማጽጃም፣ በረኪናውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነትም አሲድ ናቸው፣ በረኪና ግን በተቃራኒው ከቤዝ ወገን ነው፣ ፒኤቹ (አሲድነትና ቤዝነት የሚለካበት ቁጥር፣ ከ7 በታች አሲድ ከ7 በላይ ቤዝ ነው) ከ7 አልፎ 11 እና 12 አካባቢ ይደርሳል። ምልክቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ፣ ጣትሽን ሲነካው የሚያሟልጭሽ የቆዳሽን ቅባት ወደ ሳሙና እየቀየረው ስለሆነ ነው (ለማየት ብለሽ ደሞ እንዳትሞክሪው)።

ልብስ የሚበላበት ምክንያት ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ኦክሲዳይዘር ነው፣ ማለትም እድፉን እንደ ሳሙና ከማስለቀቅ ይልቅ ቀለም የሚሰጠውን ሞለኪውል ይሰባብረዋል፣ ለዛ ነው ነጠላ አነጣለሁ ስትዪ ጥለቱንም አብሮ የሚያጠፋብሽ፣ እሱ እድፍና ጥለት አይለይም። ሱፍና ሐርማ ጭራሽ ያሟሟቸዋል።

ስሙ የጣሊያን ነው፣ ቫሬኪና፣ ላቫጆን ላባጆ እንደምንለው ቫውን ባ አድርገን ወሰድነው። የጣሊያንኛውም ሥር ቫሬክ የሚል የፈረንሳይ ቃል ነው፣ የባህር አረም ማለት ነው፣ ድሮ ለማጠቢያ የሚሆነው ሶዳ የሚወጣው ከሱ አመድ ነበር።

ለባለቤትሽ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሁለቱም አሲድ ናቸው ብሎ አንድ ቀን በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃው ጋር ቢደፋው ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ በ1915 (እ.ኤ.አ.) ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የለቀቁት ያው ጋዝ። አቼቶና ሎሚም አሲድ ስለሆኑ ከበረኪና ጋር አይቀላቀሉም። በሃይላንድ ተቀድቶ የተቀመጠ በረኪና ካላችሁም ላዩ ላይ ጻፉበት፣ ድንገት ከተቀላቀለና የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ደሞ ላጽዳው ሳትሉ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።