የፎርክሊፍት ባትሪ ስትነኩ ምን ትለብሳላችሁ? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መጋዘን ውስጥ የፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) ባትሪ ስይዝ 12 ዓመት ሆነኝ። ስለ መከላከያ ልብስ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። በዋናነት የማወራው ውሃ ስለሚሞላው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው።

ጥያቄ፦ በፀሐይ መነጽር ውሃ ብሞላስ?

መልስ፦ አይሆንም። አሲድ በጎንም በታችም ይገባል። ፊት ላይ ዙሪያውን ጥብቅ የሚል ጎግል አድርግ፤ በላዩ ደግሞ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ሺልድ። ሺልዱ ብቻውን አይበቃም። አንዴ ስልክ ላወራ ብዬ ሺልዴን ወደ ላይ ገልብጬ፣ እንደዚያው ክዳን ከፈትኩ። ጠብታው ቅንድቤን አቃጠለኝ፤ ዓይኔን ያተረፈው ጎግሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በር ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጥሩ የቆዳ ጓንት አለኝ።

መልስ፦ ለሌላ ሥራ አስቀምጠው። ቆዳ አሲዱን ይመጥና እጅህ ላይ ያቆየዋል። የጎማ ወይም የኒዮፕሪን (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት፣ ክንድ አጋማሽ የሚደርስ፣ ግዛ። ከማጥለቅህ በፊት አየር ሞልተህ ጨምቀው፤ ቀዳዳ ካለው ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ቱታዬስ?

መልስ፦ የጥጥ ቱታ ዛሬ ደህና ይመስላል፤ ሲታጠብ ወንፊት ሆኖ ይወጣል። ከላይ አሲድ የሚችል የጎማ ሽርጥ ልበስ። የሱሪህን ጫፍ ቦት ውስጥ አትክተት፤ የፈሰሰው ሁሉ ወደ እግርህ ይወርዳል። ቦቱ ጫፉ ብረት ይሁን። የ48 ቮልት ባትሪ ከ1 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጋብቻ ቀለበቴን ካወለቅኩ ባለቤቴ ትቆጣለች።

መልስ፦ ጣትህን ብታጣ የበለጠ ትቆጣለች! 48 ቮልት አይነዝርም ብለህ አትናቅ። ቀለበትህ በመፍቻውና በፖሉ (ገመዱ በሚታሰርበት የባትሪው ጫፍ) መካከል ከገባ ወዲያው ይግላል። ሰዓትና የአንገት ሐብልም ይውለቁ። እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ መፍቻ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ለጋዙ ማስክ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሽታ የለውም፤ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። መፍትሔው የተከፈተ መስኮትና አየር ማውጫ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ደግሞ ባትሪው ከመጠን በላይ ቻርጅ ሆኗል። ልብስ አታማርጡ፣ ውጡ።

ጥያቄ፦ አሲድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ቤኪንግ ሶዳ ይሆናል?

መልስ፦ በፍጹም! ሶዳው ለወለል ነው፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አረፋው እስኪቆም ታፈሱበታላችሁ። ለዓይንና ለቆዳ ንጹሕ ውሃ ብቻ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ሰዓት እያያችሁ። ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ጋ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ አይደለም። በደቂቃ 1 ሊትር ተኩል ቢፈስ እንኳ ከ22 ሊትር በላይ ይጠይቃል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይበቃም። ሁለት ሙሉ ጀሪካን እዚያው ክፍል ይቀመጥ፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ወተት ከጠጣን እርሳሱ አይጎዳንም ይባላል።

መልስ፦ ወተቱን ጠጡ፣ ግን መከላከያ አይደለም። እኛ በእጃችን ነው የምንጎርሰው። ከምሳ በፊት በሳሙና ደህና አድርጋችሁ ታጠቡ። ቱታውንም ቤት አትውሰዱት፤ ልጆች አቧራውን ይነካሉ።

ጥያቄ፦ ለኤሌክትሪክ መኪናም ይሄው ልብስ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። እዚያ ዋናው አደጋ ቮልቴጁ ነው፤ ብዙዎቹ 300 እና 400 ቮልት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ናቸው። እስከ 1000 ቮልት የሚያገለግል ክላስ 0 የሚባል የጎማ ጓንት ይጠለቃል። በላዩ የቆዳ ጓንት ይደረባል፣ ጎማውን ስለት እንዳይቀደው። ቅድም የቆዳ ጓንት አለኝ ያልከው ወንድሜ፣ የቆዳ ቦታው እዚህ ነው። ግን ሳትሰለጥን ብርቱካናማውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ እንዳትነካ።